የማንም ያልሆነ ውሻ ሐቁ በማን ላይ ነው?

ፍጥረትን ሁሉ በጥበቡ ላስገኘ፥ ለእያንዳንዱም ሲሳዩን ለወሰነለት ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ አንቺም የቤቱ እመቤት እኅቴ ሆይ! ስለ ወላጅ ሐቅ፥ ስለ ጎረቤት ሐቅ፥ ስለ የቲም ሐቅ ብዙ ምክር ሰምታችኋል። ዛሬ የማነሣው ግን ብዙ ሰው ሊጠይቀው የሚያፍረውን ሐቅ ነው። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ከተማ፥ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ከጫት ተራው ወደ ሥጋ ቤቶቹ በኩል ብታልፍ፥ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፥ ጆሮውን ዝንብ ያቈሰለው፥ አንድ እግሩን መኪና የሰበረው ውሻ ከደጃፍ ተኝቶ ታያለህ። በገለምሶም፥ በበደሳም፥ በሂርናም፥ በሚኤሶም ነገሩ ያው ነው። ይህ ውሻ ባለቤት የለውም፤ የሚጠራበትም ስም የለውም፤ የሚያውቀው የሰው ቃል ቢኖር «ሂድ!» የሚለው ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ፍጡር በአንተ ላይ ሐቅ አለውን? ወይስ ነጃሳ ነውና ከእዝነት ደጃፍ ውጭ የቀረ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልሱን መጀመሪያ ያገኘሁት በልጅነቴ፥ ያውም በአንዲት ድንጋይ ምክንያት ነው። ከጭሮ በላይ ባለው ደጋ በአንድ ሸይኽ ዘንድ ደረሳ ሆኜ ስቀራ፥ አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ወደ ምንጭ ወረድሁ። አንዲት ግልገሎች የምታጠባ ውሻ ምላሷን አውጥታ ወደ ምንጩ ቀርባ ነበርና፥ የውዱእ ውሃችንን እንዳታነጅስብን ብዬ በድንጋይ መታኋት። እያነከሰች ወደ ቍጥቋጦው ገባች። እኔም ሥራዬን መልካም ሥራ አድርጌ ቈጥሬ ለሸይኻችን ነገርኋቸው። እሳቸው አልተቈጡም። «ኪታብህን አምጣ፤ የተየሙምንም ምዕራፍ ክፈት» አሉኝ እንጂ።

ኪታቡ የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ነበር፤ በሐረርጌ ፊቅህ የቀራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዚያ ምዕራፍ ሰው ውሃ በእጁ እያለ ውዱእ ትቶ በአፈር ተየሙም እንዲያደርግ ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ፥ ያ ውሃ ለተጠማ ሙሕተረም፥ ማለት ነፍሱ ለተከበረች ፍጡር የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ኪታቡን ያብራሩት ዑለማእ በዚህ ቃል ውስጥ እንስሳንም አግብተዋል፤ ከውሾችም ወገን የሚናከሰውን ለይተው አውጥተዋል። ምንም ጉዳት የሌለበትን ውሻ ግን ኢማም ነወዊ መጅሙዕ በተባለው ታላቁ ኪታባቸው ከተከበሩት ነፍሶች ጋር ቈጥረውታል። ሸይኻችን ይህን አስረድተውኝ ሲጨርሱ፥ «ልጄ፥ ሸሪዓው ለሰላትህ ከያዝኸው ውሃ እንኳ ቀድማ እንድትጠጣ የፈረደላትን ፍጡር አንተ ከምንጭ ከለከልሃት» አሉኝ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም።

ወንድሜ ሆይ! ይህን ነገር አስተውል። የእኛ የሻፊዒያ መዝሀብ በውሻ ነጃሳነት ከሁሉ ይልቅ የሚያጠብቅ ነው። ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፥ ከሰባቱም አንዱን በአፈር እጠቡ ይለናል። በማሊኪያ መዝሀብ በሕይወት ያለ ውሻ ንጹሕ ነው፤ በሐነፊያም ነጃሳው ምራቁ ነው እንጂ ገላው አይደለም። እንግዲህ ከሁሉ የሚያጠብቀው መዝሀብ ራሱ የውዱእህን ውሃ ለተጠማው ውሻ ስጥ ካለ፥ ነጃሳነት አንድ ነገር፥ ሐቅ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑ ተገለጠ። ነጃሳ ማለት በእጃችን፥ በልብሳችንና በዕቃችን ላይ የሚፈጸም የመታጠብ ሕግ ነው፤ በፍጡሩ ላይ የተነገረ እርግማን አይደለም። ከራሳችን ገላ የሚፈሰውስ ደም ነጃሳ አይደለምን? እናት ሕፃኗ ልብሷን ቢያረጥብባት ልብሷን ታጥባለች እንጂ ሕፃኑን ወደ ውጭ አትጥለውም። ዕቃ ማጠብ የታዘዝነው ዕቃውን ለማጥራት ነው። ልባችንን ለማጨከን የታዘዝነው ግን በየት ምዕራፍ ነው?

ይህም የፊቅህ ሰዎች ከልባቸው አፍልቀው የተናገሩት አይደለም። ነቢያችን፥ የአላህ ሰላት በእርሳቸው ላይ ይሁንና፥ ከጥማት የተነሣ እርጥብ አፈር ሲልስ ስለተገኘ ውሻ ነግረውናል። አንድ መንገደኛ ወደ ጕድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ሞልቶ፥ ጫማውን በጥርሱ ነክሶ ወጥቶ ቢያጠጣው አላህ ምሕረት እንዳደረገለት አስረድተዋል። ባልደረቦቻቸውም በእንስሳ ምክንያት አጅር ይገኛልን ብለው ሲጠይቋቸው፥ ሕይወት ባለው ሁሉ አጅር እንዳለ መለሱላቸው። ከበኒ እስራኢል ወገን የነበረች አንዲት አመንዝራ ሴትም ለውሻ ውሃ በመቅዳቷ ማረኳ። ድመት አሥራ በረኃብ የገደለችውም ሴት በእሳት የተቀጣች መሆኗን ከእርሳቸው ሰምተናል። በተከበረው ቁርኣንም የዋሻው ወጣቶች ሲወሱ፥ ክንዶቹን በደጃፉ ላይ ዘርግቶ የተኛው ውሻቸው አብሮ ተወስቷል፤ በምድር የሚሄዱና በክንፍ የሚበሩ ሁሉ እንደ እኛ ሕዝቦች መሆናቸውም ተነግሮናል። የሲራ ጸሐፊው ዋቂዲ እንደሚተርከውም፥ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሠራዊቱ ወደ መካ ሲገሠግሥ፥ በመንገድ ዳር ግልገሎቿን የምታጠባ አንዲት ውሻ ታየች። ነቢያችንም ሠራዊቱ እንዳይረግጣትና እንዳያስደነግጣት አንድ ሰው በአጠገቧ ዘብ አቆሙላት። መካን ሊከፍት የሚሄድ ሠራዊት ለአንዲት ውሻ መንገድ ከለቀቀ፥ ከገለምሶ ጫት ጭኖ በሌሊት የሚከንፍ መኪና ፍሬን መያዝ እንዴት ያቅተዋል?

ምናልባት ጠያቂ ተነሥቶ፥ «ያለ ምክንያት ውሻ ያስቀመጠ ሰው በየቀኑ ከአጅሩ እንደሚጐድልበት፥ ውሻ ባለበትም ቤት መላእክት እንደማይገቡ ሰምተናል፤ አንተ ግን ውሾችን ሰብስቡ ትለናለህን?» ቢል፥ እንዲህ ብለን እንመልስለታለን፦ ሐዲሡ እውነት ነው፤ እኛም ውሻን በምንጣፍህ ላይ አስተኛ አላልንም። ለአደን፥ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ግን ራሱ ሐዲሡ ፈቅዷል፤ በሚኤሶ ቈላ ከብቱን ከጅብ የሚያስጠብቅ አርብቶ አደር ይህን ያውቃል። የተከለከለው ያለ ጉዳይ ለጌጥና ለኩራት ማስቀመጥ ነው። የተሰበረውን እስኪድን በጓሮ ማስታመም፥ በጎዳና ያለውን ማጠጣትና ማብላት ከዚህ ክልከላ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። ያ መንገደኛ ውሻውን ወደ ቤቱ አላገባውም፤ ውሃውን ብቻ አደረሰለት፤ በዚያውም ማረ።

አሁን ደግሞ ከኪታብ ወጥቼ የራሴን ጥፋት ልንገርህ፤ ምክር ሰጪ ጥፋቱን ከሸሸገ ምክሩ አይሠምርምና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከከተሞቻችን ባንዲቱ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ወደ ቁርኣን ቤት ሲሄድ ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ስለ ነበረ ቤተ ሰቡ ቅጠል አሰሩለት፤ ዱዓም አስደረጉለት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ግን አልወሰዱትም። ከሳምንታት በኋላ ልጁ ውሃ ባየ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በአራተኛውም ቀን ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ የሠፈሩ ወንዶች ዱላ ይዘው፥ «ሸይኽ፥ ውሾቹን እንፍጃቸውን?» ብለው ጠየቁኝ። የልጁ አባት ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር። እኔም የሚናከሰውን ከማይናከሰው፥ የታመመውን ከጤነኛው ሳልለይ «ፍጁ» አልኋቸው።

በዚያች ሌሊት ከፊሎቹ በዱላ፥ የሚበዙት በመርዝ ሥጋ አለቁ። ከእነርሱም መካከል የእህል በረንዳ ዘበኛ ከግልገልነቱ ያሳደገው፥ ነጋዴው ጆንያውን እያሳደረበት በሰላም ይተኛ የነበረ ሽማግሌ ውሻ ነበረ። አንዱ ከመስጊዱ አጥር ሥር እስከ ፈጅር ድረስ ሲያቃስት አደረ። እኔም ለተሀጁድ ተነሥቼ ያንን ድምፅ እየሰማሁ እጄን ለተክቢራ ማንሣት አቃተኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከገጠር የመጡ ሌሎች ውሾች ባዶውን ሠፈር ሞሉት፤ በሽታውም ከእነርሱ ጋር ተመለሰ። የተናገርሁት ቃል ሕፃንንም አላዳነ፥ ውሻንም አላዳነ።

ከዚያ በኋላ ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ላስረዳህ፤ ሳያውቁ መፍረድ እንዴት እንደሚጎዳ ቀምሼዋለሁና። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ከእነዚህም ከ100 ወደ 99 የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከአሥሩ አራቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን በር አለው፦ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፥ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መጀመርና መጨረስ ነው። ይህን ክትባት ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስተር ለሰው ልጅ የሰጠው በ1885 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። ቅጠል ማሰር በሽታውን አያድንም፤ ዱዓም ከሕክምና ጋር እንጂ በሕክምና ፈንታ አይደለም፤ መድኃኒትን ፈልጉ ያሉን ነቢያችን ናቸውና።

ውሾችንስ መግደል ስለ ምን አይጠቅምም? ውሻ የሚኖረው ምግብ ባለበት ነው። ቄራውና ቈሻሻው ባለበት እስካለ ድረስ የሞተውን ቦታ ሌላው ይይዘዋል፤ የመጣውም እንግዳ ክትባት የሌለው ነው። ከአንድ ከተማ ውሾች ከ100 ሰባው ከተከተቡ ግን በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። የተከተበው ውሻ በሠፈሩ ሆኖ ለልጆችህ አጥር ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጠላት ነው ብለን የገደልነው ውሻ፥ ብንከትበው ኖሮ ዘበኛችን ይሆን ነበር።

ለዚህ ምስክር ከፈለግህ ወደ ጎረቤታችን ወደ ባሌ ተመልከት። ድሬ ሼኽ ሑሴን የደረሰ የሐረርጌ ሰው ሁሉ ያንን አገር ያውቀዋል። በባሌ ተራሮች ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኝ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በአገራችን ያሉት አዋቂዎቹ ተደምረው 500 አይሞሉም። በ2003 እና በ2004 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከእረኞች ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ እጅ ሦስቱን ያህል ፈጀ። ለቀበሮዎቹ ጥበቃ የቆሙት ሰዎች የእረኞቹን ውሾች አልፈጁም፤ በየዓመቱ መንደር ለመንደር እየዞሩ ይከትቧቸዋል እንጂ። አንዲት መርፌ ውሻውን፥ የእረኛውን ልጅና ቀበሮውን በአንድነት ትጠብቃለች። በአዲስ አበባም ቤት ለሌላቸው እንስሳት ማኅበር ያቋቋሙ ኢትዮጵያውያን፥ ውሾችን በስትሪክኒን መርዝ መግደል ይቅር፤ ይከተቡ፥ እንዳይበዙም ይምከኑ ብለው ሲከራከሩ ኖረዋል። ስትሪክኒን የበላ ውሻ አእምሮው ሳይጠፋ ገላው እየተገተረና እየተንፈራገጠ የሚሞት ነው። ነቢያችን ለምናርደው እንስሳ እንኳ ቢላዋችንን እንድንስልና እንዳናሠቃየው አዘዋል። ያበደውንና የሚናከሰውን ውሻ መግደል የተፈቀደ ነው፤ በሥቃይ መግደል ግን ለማንም አልተፈቀደም።

የቀድሞዎቹስ እንዴት ነበሩ? በሐረር ግንብ ሥር ለጅቦች መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፤ በዓሹራም ቀን ለጅብ ገንፎ በቅቤ የሚያቀርቡ ሰዎች እንደ ነበሩ አያቶቻችን አይተዋል። በዚህ ልማድ ውስጥ ከሸሪዓ ጋር የማይስማማ እምነት ካለ ዑለማእ ይመርምሩት፤ እኔ የምወስደው ግን ሥጋ በል አውሬ እንኳ ከከተማው ሲሳይ ድርሻ እንዲኖረው ያሰበውን ልብ ነው። በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሻፊዒያው ሊቅ ዒዝ ኢብን ዐብዱሰላምም የእንስሳን ሐቆች ሲዘረዝሩ፥ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ባይጠቅመውም እንኳ ሊቀልበው ይገባል ብለዋል። ተቃራኒውንም ሥራ ታሪክ መዝግቦታል። በ1910 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የኢስታንቡል ሹማምንት በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ የከተማዋን ውሾች አፍሰው ውሃ ወደሌለባት የባሕር ደሴት ጣሏቸው፤ በረኃብና በጥማትም አለቁ። ከተማይቱ ከዚህ ሥራ ያተረፈችው ኀፍረትን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለቤት ያለው ከብት ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ነው። ባለቤት የሌለውስ? የቲም ወላጅ ስለሌለው ሐቁ አልጠፋም፤ በጀመዓው ላይ ወደቀ እንጂ። አስከሬኑን የሚያነሣለት ዘመድ የሌለው መንገደኛም በሠፈሩ ሰው ሁሉ ላይ ነው፤ ጥቂቶቹ ከቀበሩት ለሁሉም ይበቃል፤ ሁሉም ከተዉት ግን ሁሉም ኃጢአተኞች ናቸው። የጎዳና ውሻም ሐቅ እንዲሁ የፈርድ ኪፋያን መንገድ የሚከተል ነው ብዬ እረዳለሁ። «የማንም አይደለም» ማለት «የሁላችን ነው» ማለት ነው።

አንተ ግን፥ «የሰው ልጅ እየተራበ ለውሻ ገንዘብ ይወጣልን?» ብለህ ብትጠይቅ ጥያቄህ ትክክል ነው። ዘካህን ከስምንቱ ባለሐቆች አታውጣ፤ የእነርሱ ነውና። እኔ የምለምንህ ከሰደቃህ ትንሹን ነው። ይህንም ትንሽ በሚዛን አስቀምጠህ እየው። በጨለማ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቁርኣን ቤት የሚሄደው የማን ልጅ ነው? ሲነከስስ ለትራንስፖርትና ለክትባት የሚከፍለው የሚያጣው ማን ነው? ሀብታሙ ልጁን በመኪና ያደርሳል፤ ከነከሰውም አዲስ አበባ ድረስ ይወስደዋል። ስለዚህ የጎዳናውን ውሻ ማስከተብ የድኻውን ልጅ ማዳን ነው፤ ሁለቱን ሰደቃዎች አላህ በአንድ መርፌ ላይ አገናኛቸው።

ይህንም የምትፈጽምበት መንገድ ቀላል ነው። ነጋዴው ወንድሜ፥ ከሱቅህ ጀርባ ለሰው ዕቃ የማይውል አንድ የድንጋይ ገንዳ አስቀምጥ፤ በበጋም ወራት ውሃ አትንሣው። ሥጋ ነጋዴው፥ አጥንቱን ወደ ቦይ አትጣል፤ ከልጆች መጫወቻ ርቆ በአንድ ቦታ አኑር። እኅቴ ሆይ፥ በዒደል አድሓ የኡድሒያሽ አጥንትና በሠርግ የተረፈው ፍርፋሪ ድርሻ ይሁነው። በገበያው ያላችሁ ማኅበርተኞች በዓመት አንድ ቀን የአንዲት እስር ጫት ዋጋ ያህል እያዋጣችሁ የእንስሳት ሐኪም አስመጡ፤ ውሾቹ ይከተቡ፥ የሚቻለውም ያህል ይምከኑ። የነካህም እጅ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ውሃና አፈር አላህ በሰፊው ሰጥቶናል። ልጆቻችሁንም ድንጋይ ከማንሣት ከልክሏቸው፤ የተነከሰም ልጅ ቁጣ ፈርቶ እንዳይደብቅ አስተምሯቸው።

እኔም ያንን «ፍጁ» ያልሁትን ቃል በመስጊድ ቆሜ መልሼዋለሁ። የልጁ አባት ከሁሉ ቀድሞ ለክትባቱ መዋጮ አወጣ። «ልጄን የገደለው ውሻ ብቻ አይደለም፤ አለማወቃችን ነው» አለኝ። ዛሬ በዘበኛው በረንዳ ሌላ ውሻ ይተኛል፤ ተከትቧል፤ ዘበኛውም በሣህን ሳይሆን በተሰበረ ሸክላ ያጠጣዋል።

ወንድሜ ሆይ! በቂያማ ቀን መናገር የማይችሉት ሁሉ ሐቃቸውን ሲጠይቁ፥ ከጭሮ ገበያ ደጃፍ የተኛው ያ አንካሳ ውሻ ስለ አንተ ምን የሚመሰክር ይመስልሃል? ድንጋይ ወይስ ውሃ? አላህ ለእዝነት የተከፈተ ልብ ይስጠን፤ ባለማወቅ የበደልናቸውን ፍጥረታት ሐቅ ይቅር ይበለን፤ ልጆቻችንንም ከበሽታና ከጭካኔ ይጠብቅልን። አሚን።